ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር፤ አሠራሩ፥ ዐይነቱና አጠባበቁ

ለመምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ሽማግሎች የተጻፈ ትምህርት

1. ሞተር ምን እንደ ሆነ

ሞተር ማለት ሌላውን ነገር የሚያንቀሳቅስ መኪና ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተርም የኤሌክትሪክን ኀይል ተቀብሎ ወደ መዞር ኀይል የሚለውጥ መኪና ነው። ከውጭ ሲያዩት እንደ ትንሽ በርሜል ያለ ብረት ነው፤ ከአንዱ ጫፉ የወጣው ዘንግ ይሽከረከራል፤ እሳት ሲነድበት አይታይም፥ ጢስም አይወጣውም። ስለዚህ አሠራሩን ላልተማረ ሰው ምሥጢር ይመስለዋል። ነገር ግን አንድ ሕግ ብቻ ያወቀ ሰው ሁሉንም ሊረዳው ይችላል።

ይህን ማወቅ ለአገር ቤት ሰው የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጥ ነው። የኤሌክትሪክ ወፍጮ በገባበት ቀበሌ እናቶች ከድንጋይ ወፍጮ ድካም ዐርፈዋል፤ ልጃገረዶችም በወፍጮ ላይ ያሳልፉት የነበረውን ሰዓት ለትምህርት ሊያውሉት ችለዋል። ዳሩ ግን የወፍጮው ሞተር ተቃጥሎ የቆመ እንደ ሆነ እስኪጠገን ድረስ ያው ድካም ይመለሳል፤ ወይም እህሉ በሸክም ወደ ሩቅ ቀበሌ ይሄዳል። ሞተርም የሚቃጠለው ስላረጀ ብቻ አይደለም፤ ጠባዩን ካለማወቅ የተነሣ ገና አዲስ ሳለ በአንድ ቀን የሚቃጠል አለ። ስለዚህ በዚህ ትምህርት አስቀድመን ሞተር ስለ ምን እንደሚዞር፥ ቀጥሎም ስለ ምን እንደሚቃጠል፥ በመጨረሻም እንዴት እንደሚጠበቅ እንናገራለን። እዚህ የተጻፈው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

2. ጥበቡ የተገኘበት

መግነጢስ (ማግኔት) ብረትን እንደሚስብ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቅ ነበር። መግነጢስ ሁለት ጫፎች አሉት፤ አንዱ ሰሜን፥ ሁለተኛው ደቡብ ይባላል። የአንዱ መግነጢስ ሰሜን ከሌላው መግነጢስ ደቡብ ጋር ይሳሳባል፤ ሰሜን ከሰሜን፥ ደቡብም ከደቡብ ጋር ቢቀራረብ ግን ይገፋፋል። መርከበኞች መንገዳቸውን የሚያውቁበት የአቅጣጫ መርፌ (ኮምፓስ) ቀጭን መግነጢስ ነው።

ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲሄድ ኮረንቲ ይባላል። ኮረንቲና መግነጢስ ዝምድና እንዳላቸው ያስታወቀው የዴንማርክ ሊቅ ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ ነው። እርሱም በ1820 ዓ.ም. ኮረንቲ የሚሄድበትን ሽቦ ወደ አቅጣጫ መርፌ ባቀረበ ጊዜ መርፌው ከሰሜን ዘወር ሲል አየ፤ ኮረንቲው ሲቋረጥ መርፌው ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚህም የተነሣ ኮረንቲ የሚሄድበት ሽቦ ኮረንቲው እስኪቋረጥ ድረስ የመግነጢስን ጠባይ እንደሚይዝ ታወቀ።

በሚቀጥለው ዓመት በ1821 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በለንደን ከተማ የሽቦን ጫፍ በባዜቃ ውስጥ ነክሮ፥ ኮረንቲም ሰድዶበት፥ ሽቦው በመግነጢስ ዙሪያ ሳያቋርጥ እንዲዞር አደረገ። በኮረንቲ ኀይል የዞረው የመጀመሪያው መሣሪያ ይህ ነው። ፋራዴይ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበር፤ በወጣትነቱም መጻሕፍት መጠረዝ እየተማረ ሳለ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት በማንበብ ወደዚህ ጥበብ ገባ።

እንግዴህ ሕጉ ይህ ነው፤ ኮረንቲ የሚሄድበት ሽቦ በመግነጢስ ፊት ቢቆም ወደ አንድ ወገን ይገፋል፤ የኮረንቲው አካሄድ ቢገለበጥ ግፊቱም ወደ ተቃራኒው ወገን ይገለበጣል። የሞተር ጥበብ ሁሉ የተሠራው በዚህ ሕግ ላይ ነው።

3. መዞሩ የማይቋረጥበት ምክንያት

የአንድ ሽቦ ግፊት እጅግ ትንሽ ነው፤ ለወፍጮ ቀርቶ ለቅጠልም አይበቃም። ስለዚህ ሽቦው ብዙ ጊዜ ይጠቀለላል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው የጥቅልሉ ሽቦዎች ግፊት ተደምሮ ብርቱ ይሆናል። በጥቅልሉ መካከል ብረት ሲገባበት ደግሞ የመግነጢሱ ኀይል ይበዛል።

እንዲህ ያለው ጥቅልል በመግነጢስ መካከል በዘንግ ላይ ቢቀመጥ፥ በአንደኛው ጎኑ ኮረንቲው ሲመጣ በሁለተኛው ጎኑ ይመለሳል። ስለዚህ አንደኛው ጎን ወደ ላይ፥ ሁለተኛው ወደ ታች ይገፋል፤ ጥቅልሉም ይዞራል። ነገር ግን ግማሽ ዙር ከዞረ በኋላ ጎኖቹ ቦታ ይለዋወጣሉና ግፊቱ ወደ ኋላ ሊመልሰው ይሞክራል። ይህ እንዳይሆን ልክ በዚያች ቅጽበት የኮረንቲው አካሄድ መገለበጥ አለበት። በባትሪ የሚሠራውን ሞተር ኮረንቲ የሚገለብጠው በዘንጉ ላይ የተሰካ፥ ለሁለት ወይም ከዚያ ለበለጠ የተከፈለ የመዳብ ቀለበት ነው። በቀለበቱ ላይ ከከሰል የተሠሩ ሁለት ቍራጮች ይጫኑታል፤ እነዚህም ካርቦን ይባላሉ። ቀለበቱ ሲዞር ካርቦኖቹ ከአንዱ ክፋይ ወደ ሌላው ይሸጋገራሉ፥ ኮረንቲውም በጊዜው ይገለበጣል።

ለተማሪዎች የሚታይ ምሳሌ፦ አስተማሪው አንድ ወፍራም የባትሪ ድንጋይ፥ ሁለት መርፌ ቁልፍ፥ ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማውጫ የተነቀለ መግነጢስ፥ ልባሱ ያልተላጠ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ያዘጋጅ። ሽቦውን በባትሪው ድንጋይ ላይ 10 ወይም 15 ጊዜ ጠቅልሎ ያውጣውና ሁለቱን ጫፎች በቀኝና በግራ ቀጥ አድርጎ ይተዋቸው። ከአንደኛው ጫፍ ልባሱን በምላጭ ፈጽሞ ይፋቅ፤ ከሁለተኛው ጫፍ ግን ጥቅልሉን አቁሞ ይዞ የላይኛውን ግማሽ ብቻ ይፋቅ። መርፌ ቁልፎቹን በባትሪው ድንጋይ ሁለት ጫፎች ላይ አጣብቆ፥ የሽቦውን ጫፎች በመርፌ ቁልፎቹ ቀዳዳ ያግባ፤ መግነጢሱንም ከጥቅልሉ ሥር ያስቀምጥ። ከዚህ በኋላ ጥቅልሉን በጣት ጥቂት ቢገፋው ራሱ እየዞረ ይቀጥላል። በግማሽ የተፋቀው ጫፍ ኮረንቲውን በግማሽ ዙር ያስገባል፥ በግማሽ ዙር ይከለክላል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ የሚመልሰው ግፊት አይመጣም። ጥቅልሉ ሳይዞር ቢቆም ሽቦው ይግላልና ወዲያው ይላቀቅ። በቤት ግድግዳ ላይ ያለው ኮረንቲ ገዳይ ነውና ለዚህ ምሳሌ ከቶ አይነካ።

4. ያልዞረ ሞተር ምጣድ ነው

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የትምህርቱ ፍሬ ነውና በጥንቃቄ ይነበብ።

ፋራዴይ በ1831 ዓ.ም. የፊተኛውን ሕግ ተቃራኒ አገኘ፤ ይኸውም ሽቦ በመግነጢስ ፊት ቢንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ የኤሌክትሪክ ግፊት ይወለዳል። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞ የሚሠራው በዚህ ነው። ሞተርና ዲናሞ አንድ መሆናቸው በገሃድ የታየው በ1873 ዓ.ም. በቪየና ከተማ በተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን ነው። በዚያም የቤልጅጉ ሰው ግራም የሠራቸው ሁለት ዲናሞዎች በሽቦ ተገናኙ፤ አንደኛው በመኪና ኀይል ሲዞር ኤሌክትሪክ ሰጠ፥ ሁለተኛው ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ እንደ ሞተር ዞረና የውሃ ፓምፕ አንቀሳቀሰ።

ስለዚህ ሞተር በሚዞርበት ጊዜ እርሱ ራሱ እንደ ዲናሞ የኤሌክትሪክ ግፊት ያወጣል። ይህም ግፊት ከውጭ የሚገባውን ኮረንቲ ፊት ለፊት ይቋቋመዋል፤ የመልስ ግፊት እንበለው። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር የመልሱ ግፊት ብርቱ ነው፥ የሚገባውም ኮረንቲ ጥቂት ነው። እህል ሲገባበትና ሥራው ሲከብደው ጥቂት ይዘገያል፤ የመልሱ ግፊት ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ኮረንቲ ይገባና ለሥራው የሚበቃ ኀይል ይሰጠዋል። ሞተር የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ የሚወስደው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን በወፍጮው ውስጥ ድንጋይ ወይም ብረት ገብቶ ሞተሩ ፈጽሞ ቢያዝ የመልሱ ግፊት ይጠፋል። ይህን ጊዜ የሚገባው ኮረንቲ ከወትሮው 5፥ 6፥ 7 እጥፍ ይሆናል። ኮረንቲ በሽቦ ላይ የሚያመጣው ሙቀት ደግሞ በኮረንቲው ልክ ሳይሆን ኮረንቲው በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ቍጥር ልክ ይጨምራል፤ ኮረንቲው 6 እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ 6 ጊዜ 6፥ ማለት 36 እጥፍ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደዚሁ ነው፤ ከሸክላው ሥር ያለው ሽቦ ኮረንቲ ይቀበላል፥ ምንም ነገር አያንቀሳቅስም፥ የተቀበለውን ሁሉ ሙቀት ያደርገዋል። ምጣድ ለዚህ ተሠርቷል፤ የሞተር ሽቦ ግን በቀጭን ልባስ የተሸፈነ ነውና ልባሱ ይቃጠላል፥ ሽቦ ከሽቦ ይነካካል፥ ሞተሩም ይሞታል። እንግዴህ ያልዞረ ሞተር ምጣድ ሆነ ማለት ነው። ኮረንቲ ገብቶበት «እም» እያለ የማይዞር ሞተር የተገኘ እንደ ሆነ ምክንያቱን ከመመርመር በፊት ማጥፋት ይገባል።

5. የሞተር ዐይነቶች

ኮረንቲ ሁለት ዐይነት ነው። ከባትሪ የሚወጣው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፤ ቀጥተኛ ኮረንቲ ይባላል። ከትልቁ መስመር የሚመጣው ግን ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ተለዋዋጭ ኮረንቲ ይባላል። በኢትዮጵያ ይህ ምልልስ በ1 ሰከንድ 50 ጊዜ ነው። ሞተሮችም በዚሁ ይለያያሉ።

ሀ. የቀጥተኛ ኮረንቲ ሞተር። ከላይ የተገለጠው ቀለበትና ካርቦን ያለው ነው። የአውቶሞቢልን ሞተር የሚያስነሣው ሞተሪኖ ከዚህ ዐይነት ነው፤ የልጆች መጫወቻም እንደዚሁ። ካርቦኑ እየተፋቀ ያልቃልና በጊዜው ይለወጣል።

ለ. በሁለቱም ኮረንቲ የሚሠራ ሞተር። ይህም ካርቦን አለው። በዚህ ሞተር ውስጥ መግነጢሱም ራሱ ጥቅልል ሽቦ ስለ ሆነ፥ ኮረንቲው ሲገለበጥ ሁለቱ አብረው ይገለበጣሉና መዞሩ ወደ አንድ ወገን ይሆናል። እጅግ ይፈጥናል፥ ይጮኻልም። የእጅ መሰርሰሪያና የጭማቂ መፍጫ በዚህ ይሠራሉ።

ሐ. የባለ 3 መስመር ሞተር። የወፍጮ ቤት ሞተር በተለመደው ይህ ነው። 3 ሽቦዎች ተለዋዋጭ ኮረንቲ ተራ በተራ ያመጣሉ፤ የ1ኛው ኮረንቲ ሲበረታ የ2ኛውና የ3ኛው ገና ወይም ያለፈ ነው። ስለዚህ በማይንቀሳቀሰው ክፍል ዙሪያ በተደረደሩት ጥቅልሎች የመግነጢሱ ኀይል ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሸጋገረ ይዞራል፤ ብረቱ ቆሞ ሳለ መግነጢሱ ይዞራል ማለት ነው። በመካከል ያለው ተሽከርካሪ ሽቦ አይገባበትም፤ እንደ ወፍ ቀፎ የተያያዙ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ዘንጎች ብቻ አሉት። የሚዞረው መግነጢስ በእነዚህ ዘንጎች ውስጥ ኮረንቲ ይወልዳል፥ በዚያም ኮረንቲ ይዞ ይስባቸዋል። ተሽከርካሪው መግነጢሱን ሁልጊዜ ይከተለዋል እንጂ አይደርስበትም፤ ቢደርስበት ኮረንቲው አይወለድምና። ካርቦንም ቀለበትም ስለሌለው ብዙ ዘመን ይኖራል። የሚዞረውን መግነጢስ ጣሊያናዊው ጋሊሌዮ ፌራሪስና በአሜሪካ የሠራው ኒኮላ ቴስላ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አግኝተው በ1888 ዓ.ም. ለዓለም አስታወቁ፤ ባለ 3 መስመሩን ሞተር ባለ ቀፎ አድርጎ በ1889 ዓ.ም. የሠራው በጀርመን አገር ይሠራ የነበረው ሩሲያዊ ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ ነው። በ1891 ዓ.ም. በጀርመን አገር ከላውፈን የውሃ ኀይል የተገኘው ኤሌክትሪክ 175 ኪሎሜትር ተጕዞ በፍራንክፈርት ከተማ እንዲህ ያለውን ሞተር አዞረ፤ ከዚያም ወዲህ የሩቅ ወንዝ በከተማ ውስጥ መኪና ሊያዞር እንደሚችል ዓለም ተረዳ።

መ. የባለ 1 መስመር ሞተር። ለቤት የሚመጣው ኮረንቲ በ1 መስመር ነውና ብቻውን የሚዞር መግነጢስ አይሠራም። ስለዚህ ሁለተኛ ጥቅልልና ኮንደንሰር የሚባል ቆርቆሮ መሰል ዕቃ ይጨመርለታል፤ ይህም የሁለተኛውን ጥቅልል ኮረንቲ ከፊተኛው ያስቀድመዋል፥ ሞተሩም መነሻ ያገኛል። ማቀዝቀዣ፥ ማራገቢያና አነስተኛ የውሃ ፓምፕ በዚህ ይሠራሉ።

6. በሞተር ላይ የተጻፈውን ማንበብ

በሞተር ላይ አንድ የብረት ጽሕፈት አለ፤ ባለቤቱ ሊያነበው ይገባል። ለምሳሌ እንዲህ ይላል፤ 7.5 ኪሎዋት፥ 380 ቮልት፥ 15 አምፔር፥ 1450 ዙር በደቂቃ።

7.5 ኪሎዋት ማለት 7500 ዋት፥ ወይም 10 የፈረስ ጕልበት ያህል ነው። አንድ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ሳይደክም የሚሰጠው ኀይል 75 ዋት ያህል ነውና ይህ ሞተር የ100 ሰዎችን ሥራ ይሠራል። ዳሩ ግን ኀይልን ከባዶ አይፈጥርም፤ ከወሰደው ኤሌክትሪክ ከ100 እጅ 87 ያህሉን ወደ ሥራ ይለውጣል፥ የቀረውን ሙቀት ያደርገዋል። ስለዚህ 1 ሰዓት በሙሉ ኀይሉ ቢሠራ 8 ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ያህል በቈጣሪው ላይ ይመዘገባል።

1450 ዙር የተባለውም ከ50 ምልልስ የመጣ ነው። ይህ ሞተር 4 የመግነጢስ ጫፎች አሉት፤ 50 ጊዜ 60 ሲባዛ 3000፥ ለ2 ጥንድ ሲካፈል 1500 ይሆናል። የሚዞረው መግነጢስ 1500 ጊዜ ይዞራል፥ ተሽከርካሪው ጥቂት ወደ ኋላ ቀርቶ 1450 ይዞራል። በሞተሩ ዘንግ ላይ 10 ሳንቲሜትር፥ በወፍጮው ላይ 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው መዘውር ቢሆን ወፍጮው የዚያን ግማሽ፥ ማለት 725 ጊዜ ይዞራል።

7. በዕለት ኑሮ ያለው ጥቅም

ሞተር በዓይን በማይታሰብበት ስፍራ ሁሉ ይገኛል። በብዙ የእጅ ስልክ ውስጥ እንደ እህል ፍሬ ያለች ሞተር አለች፤ በዘንጓ ላይ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ክብደት ስላለ ስትዞር ስልኩ ይንቀጠቀጣል። በፀሐይ ብርሃን ከሚሠራ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ጋር የተያያዘ ፓምፕ ከጕድጓድ ውሃ አውጥቶ ለመጠጥና ለመስኖ ይሰጣል። የልብስ ስፌት መኪና፥ የሐኪም ቤት መሣሪያና የእንጨት መጋዝ እንደዚሁ በሞተር ይሠራሉ።

በጕዞም እንደዚሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርና በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው፥ 750 ኪሎሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ሞተር ይሄዳሉ። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏልና በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በዝተዋል። እነዚህ አውቶሞቢሎች ከእንጦጦ ቍልቍለት ሲወርዱ ሞተራቸው ዲናሞ ይሆንና ኤሌክትሪክን ወደ ባትሪው ይመልሳል። በ1873 ዓ.ም. በቪየና የታየው ሕግ ይኸው ነው።

8. አጠባበቅ

1ኛ. ሞተሩ ሲነሣ ወፍጮው ባዶ ይሁን፤ እህል የሚጨመረው ፍጥነቱ ከሞላ በኋላ ነው። ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ብዙ ኮረንቲ ይወስዳልና በየደቂቃው ማጥፋትና ማብራት አይገባም።

2ኛ. ከ3ቱ መስመር አንዱ ቢቋረጥ የቆመው ሞተር «እም» ይላል እንጂ አይነሣም፤ በመዞር ላይ የነበረው ደግሞ መዞሩን ቢቀጥልም በቀሩት መስመሮች ከመጠን በላይ ይስብና ይቃጠላል። ድምፁ የተለወጠ ሞተር ወዲያው ይጥፋ።

3ኛ. ፊውዝ ቢቃጠል በወፍራም ሽቦ አይተካ። ፊውዝ የተሠራው ሞተሩ ከመቃጠሉ አስቀድሞ እርሱ እንዲቃጠል ነው፤ በወፍራም ሽቦ የተካው ሰው የፊውዙን ዋጋ አትርፎ ሞተሩን ያጣል፥ ቤቱንም ለእሳት ያጋልጣል።

4ኛ. አምፑሉ የደበዘዘ እንደ ሆነ የመስመሩ ቮልት ወርዷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ብዙ አምፔር ይስባልና እህሉን መቀነስ፥ ወይም ማቆም ይገባል።

5ኛ. የዱቄት ብናኝ የሞተሩን ጀርባና ማራገቢያውን ቢሸፍን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሞተሩ ጠፍቶ፥ መስመሩም ተቋርጦ በየቀኑ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ ውሃ አይፍሰስበት።

6ኛ. ሞተሩ የጮኸ ወይም የተንቀጠቀጠ እንደ ሆነ የዘንጉ መቀመጫ (ኩሽኔታ) አልቆ ይሆናልና ሳይዘገይ በባለ ሙያ ይታይ። ወፍጮው ወደ ኋላ የዞረ እንደ ሆነ ከ3ቱ ሽቦዎች ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው፤ ይህንም የሚያቃናው ባለ ሙያ ነው።

7ኛ. የሞተሩ አካል ከመሬት ጋር በሽቦ መያያዝ አለበት፤ ይህ ካልሆነ ልባሱ የተላጠ ሽቦ ብረቱን ቢነካ የሞተሩን አካል የነካ ሰው ይሞታል። በእርጥብ እጅ ማብሪያውን መንካት አይገባም። የሚዞረው ጠፍር በወንፊት ብረት ይሸፈን፤ ነጠላ ወይም ጋቢ የለበሰ ሰው፥ ሕፃንም ቢሆን አይቅረበው።

9. ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1. የኮረንቲው አካሄድ ባይገለበጥ የባትሪው ሞተር ስለ ምን ይቆማል?
2. እህል ሲበዛበት ሞተር ተጨማሪ ኮረንቲ የሚወስደው እንዴት ነው?
3. ኮረንቲው 5 እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ ስንት እጥፍ ይሆናል?
4. 2 የመግነጢስ ጫፎች ብቻ ያሉት ሞተር በ50 ምልልስ መግነጢሱ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞራል?
5. ሞተርና ምጣድ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?

ለ3ኛው 25፥ ለ4ኛው 3000 መልስ ነው፤ የቀሩትን ተማሪዎች በራሳቸው ቃል ይመልሱ። ከትምህርቱ በኋላ አስተማሪው ከባለ ወፍጮው ፈቃድ ተቀብሎ ተማሪዎቹን ወደ ወፍጮ ቤቱ ይውሰድ፤ ከሩቅ ቆመው በሞተሩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፥ በደብተራቸውም ይጻፉ። በ8ኛው ክፍል የተቈጠሩትን 7ቱን ነገሮች ደግሞ መልካም ጽሕፈት ያለው ተማሪ በሰፊ ወረቀት ገልብጦ ለባለ ወፍጮው ይስጠው፤ ማብሪያው ባለበት ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ወፍጮውን ለሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ዕለት ዕለት ያስታውሰዋል።